የድሮ ጀልባ ትሪም እምቢ ሲል፦ ከባትሪው ተነስቶ ወደ ሞተሩ

ትሪም ማለት የጀልባውን ሞተር እግር፣ ፕሮፔለሩን የያዘውን የታችኛውን ክፍል፣ በቁልፍ የሚያነሳና የሚያወርድ ሲስተም ነው። ቁልፉን ወደ ላይ ስትጫኑ ከሽፋኑ ሥር «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ የሞተሩ እግር ግን ንቅንቅ አይልም። ደግማችሁ ትጫናላችሁ፣ አሁንም ጠቅ። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ «ፓምፑ ሞቷል» ብሎ ይደመድምና አዲስ ፓምፕ ከነሞተሩ ይገዛል። አዲሱ ይገጠማል፣ ቁልፉ ይጫናል፣ ያው ጠቅ። ዕድሜው በገፋ ጀልባ ላይ ከፓምፑ ቀድሞ የሚደክመው መንገዱ ነው፤ ከባትሪው እስከ ፓምፑ ሞተር ያለው ኬብል፣ መጋጠሚያው፣ ሪሌው (በትንሽ ከረንት ታዝዞ ትልቁን የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው)፣ ማሳው (ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለሰው መስመር)። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት በዋናነት አንድ ነገር ለማስጨበጥ ነው፦ ቮልት የሚለካው ቁልፉ ተጭኖ፣ ከረንት ለማለፍ እየታገለ ባለበት ሰዓት ነው። ቁልፉ ሳይነካ የተነበበ 12 ቮልት ምንም አያረጋግጥም።

ሲስተሙ ራሱ ቀላል ነው። በ12 ቮልት የሚሠራ ዲሲ ሞተር አነስተኛ የሃይድሮሊክ ፓምፕ ያዞራል። በአንድ አቅጣጫ ሲዞር ዘይቱ ሲሊንደሮቹን ገፍቶ እግሩን ያነሳል፤ በተቃራኒው ሲዞር ያወርዳል። ሞተሩ እንደ ሥሪቱና እንደ ጭነቱ በአሥሮች የሚቆጠር አምፒር ይስባል። ይህን ሁሉ ከረንት በጋዝ እጀታው ላይ ባለችው ትንሽ ቁልፍ ማሳለፍ ስለማይቻል ቁልፏ የምታዘው ሪሌዎችን ወይም በድሮዎቹ ላይ ያንኑ ሥራ የሚሠሩ ሶሌኖይዶችን ነው፤ ሞተሩን የሚመግቡት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ሁለት የተለያዩ መስመሮች አሉ፦ ትዕዛዝ የሚሄድበት ቀጭኑ መስመር እና ጉልበት የሚሄድበት ወፍራሙ። ብልሽቱ ከሁለቱ በየትኛው እንዳለ ከለያችሁ ሥራው ተጋምሷል።

ከሁሉ በፊት ከፓምፑ ሞተር የሚወጡትን ወፍራም ሽቦዎች ቁጠሩ። ሦስት ከሆኑ ሞተሩ በውስጡ ሁለት የተለያዩ ጥቅልሎች አሉት፤ አንዱ ለማንሳት፣ አንዱ ለማውረድ፤ ሦስተኛው ጥቁር ሽቦ የሁለቱም ማሳ ነው። ሁለት ከሆኑ ቋሚ ማግኔት ያለው ሞተር ነው፤ አቅጣጫውን የሚቀይረው ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ሲገለባበጥ ነው። ይህ ልዩነት የኋላውን ምርመራ ሁሉ ይለውጠዋል። በብዙ ሥሪቶች ሰማያዊው ሽቦ ወደ ላይ፣ አረንጓዴው ወደ ታች ነው፤ ሰማያዊ እንደ ሰማይ፣ አረንጓዴ እንደ ሣር ብላችሁ ያዙት። ነገር ግን በድሮ ጀልባ ላይ ከእናንተ በፊት ስንት እጅ እንደነካው ስለማይታወቅ ቀለሙን ተከትላችሁ በእጃችሁ ሳታረጋግጡ አትፍረዱ።

ከመጀመራችሁ በፊት

የጀልባው ዋና ሞተር በጀልባው ውስጥ የተቀመጠና በቤንዚን የሚሠራ ከሆነ ሽፋኑን ከፍታችሁ አሽትቱ፤ የአየር ማስወጫውን ፋን ቢያንስ 4 ደቂቃ አሠሩት። የቤንዚን ሽታ ካለ ምንም ሽቦ አትንኩ፣ መጀመሪያ ሽታው ከየት እንደመጣ ፈልጉ። ሽቦ የምትፈቱ ከሆነ በቅድሚያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ። የተነሳ እግር ሥር እጅም ሆነ ጭንቅላት አይገባም፤ የዘይቱ ግፊት ይይዘዋል ብላችሁ አትመኑ፣ በመደገፊያው ወይም በጠንካራ እንጨት አስደግፉት። ትሪሙ በድንገት ራሱን ችሎ ሊነሳ ስለሚችልም በእግሩና በጀልባው ኋላ መካከል ጣት አታስገቡ።

ጆሮ የሚነግረው

መልቲሜትር ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ሰው ቁልፉን ይጫን፣ እናንተ ፓምፑ አጠገብ ሆናችሁ አዳምጡ። ሞተሩ በቀላሉ እየፎጨ የሚዞር ከሆነና እግሩ ካልተንቀሳቀሰ የኤሌክትሪክ ችግር አይደለም፤ ዘይት ጎድሏል፣ የእጅ ማስለቀቂያው ቫልቭ ተከፍቷል፣ ወይም ሞተሩን ከፓምፑ ጋር የሚያያይዘው ማገናኛ ተሰብሯል። እያቃሰተ በዝግታ የሚዞር ከሆነ ወይ ቮልቱ በመንገድ እየጠፋ ነው፣ ወይ ፓምፑ ወይም ሲሊንደሩ ይዟል። ጠቅ ብሎ ዝም ካለ ቀጭኑ መስመር ሥራውን ሠርቷል ማለት ይቻላል፤ ወደ ወፍራሙ ሂዱ። ጠቅም ካላለ ከቀጭኑ ጀምሩ።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። እግሩ ሲወርድ ክብደቱ ይረዳዋል፤ ሲነሳ ግን ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን ማውጣት አለበት። ስለዚህ «ይወርዳል ግን አይነሳም» የሚለው ቅሬታ ሁልጊዜ የማንሻው ሪሌ ጥፋት አይደለም። የደከመ ባትሪ ወይም የዛገ ማሳ ልክ ይህንኑ ምልክት ያሳያል።

ባትሪው ላይ ብዙ አልቆይም። ሞልቶ ያረፈ ባትሪ 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ያነባል። ቁልፉ ተጭኖ በራሱ በባትሪው ምሰሶ ላይ ስትለኩ ከ11.5 በታች የሚወርድ ከሆነ ሌላውን ሁሉ አቁማችሁ ባትሪውን ሙሉ፣ ካልሆነም አስፈትሹት። የሜትሩን ጫፍ በኬብሉ መያዣ ላይ ሳይሆን በእርሳሱ ምሰሶ ላይ አድርጉት፤ በመያዣውና በምሰሶው መካከል ያለው ነጭ ዱቄት ራሱ የብልሽቱ ቦታ ሊሆን ይችላል። በእጅ የሚጠብቁ ክንፍ ያላቸው ዳዶዎች ካሉ በመፍቻ በሚጠብቅ ዳዶ ለውጧቸው፤ በንዝረት ይላላሉ።

12 ቮልቱ ለምን ያታልላል

አንድ የተርሚናል መጋጠሚያ ከውስጡ አረንጓዴ ዝገት በልቶት 0.1 ኦም መከላከያ (ለከረንት እንቅፋት) ፈጥሯል እንበል። መልቲሜትር የሚስበው ከረንት እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ በዚያ ዝገት ውስጥ ምንም ቮልት አይጠፋም፤ ሜትሩ ያለ ሐፍረት 12.6 ያሳያችኋል። ሞተሩ 30 አምፒር ለመሳብ ሲሞክር ግን 30 ሲባዛ በ0.1፣ 3 ቮልት እዚያች ነጥብ ላይ ይቀራል። ሞተሩ ዘጠኝ ተኩል ገደማ ይደርሰዋል፤ ያቃስታል። የጠፋው 3 ቮልት ደግሞ በ30 አምፒር ሲባዛ 90 ዋት ሙቀት ነው፤ ይህ ሁሉ ከአንድ ዳዶ ሥር ይወጣል። ኬብሉ ጫፍ ላይ የተቀቀለ፣ የጠቆረ ወይም ቀለሙ የቀለጠ መሸፈኛ ካያችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው። መጋጠሚያው ሲሞቅ ዝገቱ ይብሳል፣ ዝገቱ ሲብስ ይበልጥ ይሞቃል። ሰላሳ ሰከንድ ካሠራችሁ በኋላ ቁልፉን ለቃችሁ መጋጠሚያዎቹን በየተራ በጥንቃቄ በጣት መንካትም ቀላል ምርመራ ነው፤ አንዱ ብቻውን ከሞቀ ተገኘ።

ኬብሉ ራሱም ያታልላል። ከላይ ለስላሳ ሆኖ ውስጡ ጥቁር ዱቄት የሆነ መዳብ አለ፤ ውሃው በጫፉ ገብቶ በክሮቹ መሐል እየተሳበ ብዙ ርቀት ይጓዛል። ከክሮቹ አንዱ ብቻ ቢቀር ሜትሩ ያንኑ 12 ያነባል። ኦም መለካትም እዚህ አይረዳም፤ ከተራ ሜትር ሁለት ጫፎች ራሳቸው መከላከያ ጋር 0.1 ኦምን መለየት አይቻልም። ስለዚህ የሚሠራው የቮልት ጠብታ መለካት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሜትሩን ቮልት ዲሲ ላይ አድርጉ። ቀዩን ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ ምሰሶ ላይ፣ ጥቁሩን ጫፍ ሞተሩ በዚያ አቅጣጫ ፖዘቲቭ በሚቀበልበት ሽቦ ላይ አድርጋችሁ ረዳታችሁ ቁልፉን ይጫን። ሜትሩ የሚያሳየው በመንገዱ ላይ የጠፋውን ቮልት ነው፤ ከ0.5 ካለፈ ፖዘቲቭ ጎኑ ታሟል። ቀጥሎ አንዱን ጫፍ በሞተሩ የማሳ ወይም የመመለሻ ሽቦ ላይ፣ ሌላውን በባትሪው ኔጋቲቭ ምሰሶ ላይ አድርጋችሁ ድገሙ። እዚህም ከ0.5 አይለፍ። ከዚያ የታመመውን ጎን እየከፋፈላችሁ ጠጋ በሉ፦ ከምሰሶ እስከ ፊውዝ፣ በፊውዙ ግራና ቀኝ፣ ከፊውዝ እስከ ሪሌ፣ በሪሌው ሁለት ትልልቅ ቡሎኖች መካከል፣ ከሪሌ እስከ ሞተር። አንድ መጋጠሚያ ብቻውን ከ0.2 በላይ የሚበላ ከሆነ ፍቱት፣ እስኪያበራ ፈግፍጉት። በፊውዝ ላይም ያው ነው፤ በዓይን ሲታይ ደህና የሚመስል፣ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ያለው ትልቅ ፊውዝ ያጋጥማል። መርክሩዘር በሚባለው ሥሪት ፓምፖች ላይ ለምሳሌ ዋናው ፊውዝ 110 አምፒር፣ የቀጭኑ መስመር ደግሞ 20 አምፒር ነው፤ በ110ው ቦታ ከመዳብ የተቆረጠ ቁራጭ ገብቶ ካገኛችሁ አውጥታችሁ ጣሉት፣ ትክክለኛውን አስገቡ።

ሌላው ሁሉ ቢቀር ቁልፉ ተጭኖ የቮልት ጠብታን የመለካትን ልማድ ብትይዙ ከብዙ ወጪ ትድናላችሁ። ማሳው በተለይ ይረሳል። ሰው ፖዘቲቩን ተከትሎ እስከ ሞተሩ ይደርስና እዚያ ያቆማል፤ ከሞተሩ የሚመለሰው ጥቁር ሽቦ ግን ከጀልባው ወለል አጠገብ፣ እርጥበት ባለበት ቦታ በአንዲት ቡሎን ታስሮ ለዓመታት አይታይም።

ሪሌው፦ የተወቀሰው ሌላ፣ ጥፋተኛው ሌላ

ባለሁለት ሽቦ ሞተር ላይ ሁለቱ ሪሌዎች አብረው ነው የሚሠሩት። ሁለቱም ባረፉበት ሰዓት የሞተሩን ሁለት ሽቦዎች ማሳ ላይ ያስቀምጣሉ። ወደ ላይ ስትጫኑ የማንሻው ሪሌ ይዘልና ሰማያዊውን ከፖዘቲቭ ያገናኛል፤ የማውረጃው ሪሌ አይንቀሳቀስም፣ ነገር ግን ሥራ ፈት አይደለም። ከረንቱ ሞተሩን አልፎ በአረንጓዴው ሽቦ የሚመለሰው በዚያ ባረፈው ሪሌ ኮንታክት (ውስጡ በሚነካካው ጫፍ) በኩል ነው። ስለዚህ የማውረጃው ሪሌ የማረፊያ ኮንታክት ከተቃጠለ ማንሻው ይቆማል! የማንሻው ሪሌ ጠቅ ይላል፣ ሰው እሱን ይለውጣል፣ ለውጥ የለም። ባለአምስት እግር ትንንሽ ሪሌዎች ላይ ይህ ኮንታክት 87ኤ ተብሎ የተጻፈበት ነው።

ይህን በሁለት ንባብ መለየት ይቻላል። የሜትሩን ጥቁር ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ ተዉት፤ ቁልፉ ወደ ላይ ተጭኖ ቀዩን መጀመሪያ በሰማያዊው፣ ቀጥሎ በአረንጓዴው ሽቦ ላይ አድርጉ፤ ሽቦዎቹ ከሞተሩ ጋር እንደተያያዙ ይሁኑ። ሰማያዊው 12 ገደማ፣ አረንጓዴው ዜሮ አካባቢ ሆኖ ሞተሩ ካልዞረ ችግሩ ከሞተሩ ውስጥ ነው። ሰማያዊው ዜሮ ከሆነ የማንሻው ሪሌ አላሳለፈም፤ ወይ ምግብ አልደረሰውም ወይ ኮንታክቱ ሞቷል። ሁለቱም 12 ካነበቡ ከረንቱ ሞተሩን አልፎ መውጫ አጥቷል፤ የማውረጃውን ሪሌ የማረፊያ ኮንታክትና የማሳ ሽቦውን ተመልከቱ። ሰማያዊው 11፣ አረንጓዴው 4 ከሆነ መውጫው አለ ግን ጠቧል፤ ለሞተሩ የቀረው 7 ቮልት ብቻ ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። ባለሁለት ሽቦ ሞተር በአንዱ አቅጣጫ በሙሉ ጉልበት የሚዞር ከሆነ ሞተሩ ደህና ነው፤ ያው ጥቅልልና ያው ካርቦን (ከረንቱን ወደሚዞረው ክፍል የሚያስተላልፈው) ነው በሁለቱም አቅጣጫ የሚሠራው። በሌላው አቅጣጫ ዝም ካለ ሞተር አትግዙ። ሁለቱ ሪሌዎች አንድ ዓይነት ከሆኑ አለዋውጧቸው፤ ብልሽቱ አቅጣጫ ከቀየረ ሪሌ ነው፣ ካልቀየረ ሽቦ ወይም ቁልፍ ነው።

ባለሦስት ሽቦው ላይ ነገሩ ይለያል። እያንዳንዱ ሶሌኖይድ የራሱን ጥቅልል ብቻ ይመግባል፤ ሌላው አይነካውም። እዚህ ካርቦኑ፣ ማሳውና ዋናው ፊውዝ የጋራ ናቸውና በሁለቱም አቅጣጫ ከሞተ እነሱን፣ በአንዱ ብቻ ከሞተ ደግሞ ያንን ሶሌኖይድ፣ ትዕዛዙን ወይም ጥቅልሉን ጠርጥሩ። ማንሳት ካቃተው ባትሪውን ነቅላችሁ ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ወፍራም ሽቦ ሶሌኖይዶቹ ላይ አቀያይሩ፤ ባትሪውን መልሳችሁ «ወደ ታች» ተጫኑ። እግሩ ከተነሳ የማንሻው ጥቅልል ደህና ነው፤ ጥፋቱ ከማንሻው ሶሌኖይድ ወይም ከቁልፉ ወገን ነው። ካልተነሳና «ወደ ላይ» ስትጫኑ የሚወርድ ከሆነ ግን ጥቅልሉ ተበጥሷል።

ሪሌ ስትለውጡ ከመኪና የተነቀለ ክፍት ሶሌኖይድ ቤንዚን ሞተር ባለበት ክፍል ውስጥ አታስገቡ። በውስጡ የሚፈጠረው ብልጭታ ከውጭ ያለውን የቤንዚን ተን ማቀጣጠል የለበትም፤ ለዚህ የተፈተኑት ዕቃዎች ኤስኤኢ ጄ1171 የሚል ምልክት አላቸው። በመልክ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ማሰሪያቸውም ይገጥማል፤ ግን አንድ አይደሉም። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ጠቅም ካላለ

ቁልፉ ተጭኖ በሪሌው ሁለት ትንንሽ እግሮች መካከል ለኩ። የባትሪውን ያህል ቮልት ካለና ጠቅ ካላለ ቦቢናው (ሪሌውን የሚስበው ጥቅልል) ተቃጥሏል። ቮልት ከሌለ እያንዳንዱን እግር ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር አነጻጽሩ። ሁለቱም 12 ካነበቡ ትዕዛዙ ደርሷል፣ የቦቢናው ቀጭን ማሳ ግን ተቆርጧል። ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ ትዕዛዙ ከላይ አልመጣም። በፊውዝ የተጠበቀ ቀጭን ሽቦ ከፖዘቲቭ አምጥታችሁ የሪሌውን የትዕዛዝ እግር ብትነኩና የጀልባው ሞተር እግር ቢነሳ፣ ፓምፑ፣ ሪሌውና ወፍራሙ መስመር ሁሉ ደህና መሆናቸው በአንድ ንክኪ ተረጋገጠ፤ ፍለጋው ወደ እጀታው ይዞራል።

እጀታው ላይ የሚደርሰው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ነው። ቁልፉ በእጀታው አናት ላይ ነው፤ ሦስቱ ቀጫጭን ሽቦዎች በእጀታው ክንድ ውስጥ ወርደው በመዞሪያው በኩል ይወጣሉ። እጀታው ወደፊትና ወደኋላ በተገፋ ቁጥር ሽቦዎቹ እዚያው ቦታ ላይ ይታጠፋሉ። መሸፈኛው ሳይቀደድ ውስጡ ያለው መዳብ ይበጠሳል፤ ጫፎቹ እጀታው በአንድ ቦታ ሲሆን ይነካካሉ፣ በሌላ ቦታ ሲሆን ይለያያሉ። «ቆሞ ሳለ ይሠራል፣ ጋዝ ስሰጥ ያቆማል» የሚባለው ይህ ነው። ለማረጋገጥ ረዳታችሁ ቁልፉን ተጭኖ እያለ እጀታውን ቀስ ብላችሁ ከጫፍ ጫፍ ውሰዱት፤ ሪሌው ጠቅ ጠቅ ካለ ሽቦው እዚያ ነው የተበጠሰው። ሽቦውን ስታዩት ሳይሆን ስትጎትቱት ታገኙታላችሁ፦ የተበጠሰበት ቦታ በሁለት እጅ ቀስ ተብሎ ሲሳብ መሸፈኛው እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፣ መዳብ ያለበት ቦታ ግን አይለጠጥም። ስትቀይሩት ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉት ተጣጣፊ ሽቦ ተጠቀሙ፣ መዞሪያው ጋ ትንሽ ላላ ያለ ጥምዝ ተዉለት።

ከእጀታው በታች ደግሞ ከጀልባው ዋና ሞተር ወደ መሪው የሚሄደው ባለብዙ ሽቦ ክብ መሰኪያ አለ። ነቅላችሁ ውስጡን በመብራት ተመልከቱ፤ አረንጓዴ የሆነ እግር፣ ወደ ውስጥ የገባ ወይም የጠቆረ ሶኬት ካለ አጽዱ። በመሰኪያ ማጽጃ ስፕሬይ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ቀጭን የሲሊኮን ቅባት ተደርጎለት ይመለስ።

አንዳንድ የመርክሩዘር እግሮች ላይ ለማንሳት ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ በጉዞ ላይ የምትጠቀሙበት ቁልፍ ነው፤ እግሩ ከተወሰነ ከፍታ እንዳያልፍ የሚያቋርጥ የወሰን ስዊች በመንገዱ ላይ አለ። ሌላው ጀልባው ተጎታች ላይ ሲጫን የሚጠቅም፣ ያን ስዊች የሚያልፍ ቁልፍ ነው። የመጀመሪያው ሳይሠራ ሁለተኛው ካነሳው መልሱ እጃችሁ ላይ ነው፤ የወሰን ስዊቹ ወይም ሽቦዎቹ ተቆርጠዋል። እግሩ ሙሉ በሙሉ ወርዶ ሳለ የስዊቹን ሁለት ሽቦዎች ነቅላችሁ በኦም ለኩ፤ ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። ስዊቹን በቀጥታ አገናኝቶ መተው ግን አደገኛ ነው፤ በፍጥነት ላይ እያለ እግሩ የጎን መደገፊያውን አልፎ ይነሳል።

የትሪም ጌጁ ከዚህ ሁሉ ጋር አይገናኝም። ጌጁ ቢሞትም እግሩ ይንቀሳቀሳል፤ የራሱ ሴንሰርና የራሱ ሽቦ አለው።

ሞተሩ ራሱ

እዚህ የምትደርሱት ጭነት ላይ እያለ በሞተሩ ሽቦዎች መካከል በቂ ቮልት መኖሩን ካረጋገጣችሁ በኋላ ነው። ሽቦዎቹን ከሪሌዎቹ ነጥላችሁ ወፍራም በሆነና ፊውዝ ባለው ኬብል ለሁለትና ለሦስት ሰከንድ በቀጥታ ከባትሪ ስጡት። ባለሁለት ሽቦውን በሁለቱም አቅጣጫ፤ ባለሦስቱን ጥቁሩን ኔጋቲቭ ላይ አድርጋችሁ ሰማያዊውን፣ ከዚያ አረንጓዴውን ፖዘቲቭ። የመጨረሻው ንክኪ ብልጭታ ስለሚያወጣ ከባትሪውና ከነዳጅ ራቅ ባለ ቦታ ይሁን።

ዝም ካለ ወዲያው አትፍረዱ። በብዙ የድሮ ሞተሮች ውስጥ ሲግል የሚያቋርጥ የሙቀት ማቋረጫ አለ፤ ቁልፉን ደጋግማችሁ ስትሞክሩ የነበረ ከሆነ እሱ ተከፍቶ ይሆናል። ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ሞክሩ። እነዚህ ሞተሮች ለረጅም ጊዜ ሳያቋርጡ እንዲሠሩ አልተሠሩም፤ እየፈተሻችሁም ቢሆን በየመሐሉ ዕረፍት ስጧቸው።

ስትከፍቱት መጀመሪያ በክዳኑና በአካሉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ጫሩ፤ ማግኔቶቹ ዞረው ከተገጠሙ አቅጣጫው ሊገለበጥ ይችላል። ከውስጥ የዛገ ውሃ ከወጣ የላይኛው ጎሚኒ ወይም የሽቦው መግቢያ ያስገባ ነበር። ካርቦኖቹ በመያዣቸው ውስጥ በነፃነት መንሸራተት አለባቸው፤ ዝገት አጣብቋቸው ስፕሪንጉ መግፋት ሲያቅተው ሞተሩ በመዶሻ እጀታ ሲመታ ይነሳል፣ በማግሥቱ ደግሞ ይሞታል። ካርቦኖቹ የሚነኩትን የመዳብ ኮሙቴተር በ400 ወይም በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አጽዱ፤ ኤመሪ አትጠቀሙ፣ ብናኙ በመዳቦቹ መሐል ገብቶ ሊያገናኝ ይችላል። በመዳቦቹ መካከል ያሉትን ቀጫጭን ክፍተቶች በስለት ጫፍ ጥረጉ። ከእያንዳንዱ መዳብ ወደ ዘንጉ በኦም ስትለኩ ምንም መገናኘት የለበትም። ማግኔቱ ከአካሉ ተላቆ አርማቹሩን (የሚዞረውን ክፍል) ከያዘው፣ ወይም ዝገቱ አካሉን ከበላው፣ ያኔ አዲስ ሞተር መግዛት ተገቢ ነው። የሙቀት ማቋረጫውን በሽቦ አታልፉት።

ራሱን ችሎ ሲነሳ

ቁልፉ ሳይነካ እግሩ ከተነሳ በመጀመሪያ ባትሪውን ንቀሉ። ከዚያ ከሪሌው ትንሹን የትዕዛዝ ሽቦ ነቅላችሁ ባትሪውን መልሱ። አሁንም ከተነሳ የሪሌው ኮንታክት በሙቀት ተበይዶ ተጣብቋል፤ መታ መታ ሲደረግ ይላቀቃል፣ ነገር ግን ተመልሶ ይጣበቃልና ለውጡት። ኮንታክት የሚበየደው አብዛኛውን ጊዜ ቮልት ሲያንስ ነው፤ ሪሌው በደከመ ቮልት እየተንቀጠቀጠ ሲዘጋና ሲከፈት ብልጭታው መዳቡን ያቀልጠዋል። ስለዚህ ሪሌ ብቻ ቀይራችሁ የቮልት ጠብታውን ካልፈለጋችሁ አዲሱም ዕጣው ያው ነው። ሽቦው ሲነቀል ካቆመ ደግሞ ቁልፉ ውስጥ ውሃ ገብቷል፣ ወይም በእጀታው ውስጥ የተላጡ ሽቦዎች ተነካክተዋል።

የምትመልሱት ኬብል

ከባትሪ እስከ ፓምፕ 4 ሜትር ቢሆን ደርሶ መልስ 8 ሜትር መዳብ ነው። በ40 አምፒር 6 ካሬ ሚሊሜትር ኬብል ላይ 0.9 ቮልት ገደማ ይጠፋል፤ በ16 ካሬ ሚሊሜትር ላይ ግን 0.35 ገደማ። ይህ ኬብሉ አዲስ ሆኖ ነው። በቆርቆሮ የተለበጠ የባሕር ኬብል ውሰዱ፤ ተርሚናሉን ለልኩ በተሠራ መጭመቂያ ጨምቁት፣ ውስጡ ማጣበቂያ ባለው በሙቀት የሚጠብ ቱቦ ሸፍኑት። በፒንሳ ተጠፍጥፎ በቴፕ የተጠቀለለ መጋጠሚያ እርጥበቱን ከውስጥ ይይዘዋል። ቡሎን ላይ ስትመልሱ ተርሚናሉ በቀጥታ መዳቡን ይንካ፤ ሮንዴላውና ዳዶው ከላይ ይምጡ። ከማይዝግ ብረት የተሠራ ሮንዴላ በሁለት ተርሚናሎች መሐል ከገባ ከረንቱ በእሱ ውስጥ ለማለፍ ይገደዳል፤ ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ ደግሞ ከመዳብ እጅግ ያነሰ ነው።

ሁሉም ከታሰረ በኋላ እግሩን ከታች እስከ ላይ አንድ ጊዜ አንሱት፤ እየተነሳ ሳለ በባትሪው ምሰሶና በሞተሩ ሽቦዎች ላይ የምታነቡትን ሁለቱን ቮልት፣ ከታች እስከ ላይ የወሰደበትንም ሰከንድ በማይጠፋ ቀለም ከፓምፑ ሽፋን ውስጠኛው ገጽ ላይ ጻፉ። በሚቀጥለው ዓመት የምታነጻጽሩት ከዚያ ጋር ነው።